የብቸናው ወደብ

ባለፈው ጥር የልጅ ልጃችንን የዳርናት ወደቡ ውስጥ ነው። አትሳቁብኝ፤ ብቸና ወደብ አላት። ባሕር የለንም፣ መርከብም አይተን አናውቅም፣ ወደብ ግን አለን። ከገበያው ራስጌ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው ረጅም የድንጋይ መጋዘን ነው። ፊቱ ላይ የሰው ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መደብ አለው፤ ድሮ በቅሎዎች፣ ኋላ ደግሞ የጭነት መኪኖች ተጠግተው የሚጫኑበት። አንድ የአሰብን መንገድ የለመደ ሾፌር መኪናውን በኋላ ማርሽ እያስጠጋ «ኧረ ይሄስ ወደብ ነው!» ብሎ ሳቀ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ወደብ ሆኖ ቀረ። «ወደቡ ጋ ጠብቂኝ»፣ «ወደብ ጨው ገብቷል» እያልን አረጀን። ዛሬ የሰርግ አዳራሽ ነው። ግድግዳውን ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል፣ ጣሪያው ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይንቦገቦጋል፣ ድምፅ ማጉያው ጥርስ ያነቃንቃል። የሙሽራዋ አያት ነኝና ከፊት አስቀመጡኝ። ሽቶውና ጩኸቱ ናላዬን እያዞረው ሳለ፣ ከጨርቁ ኋላ፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ የጆንያ ሽታ መጣብኝ። የጆንያና የጤፍ ብናኝ። ሙሽሮቹ የተቀመጡባት ጥግ ዱሮ የእኔ ሚዛን የቆመባት ጥግ ናት። እዚያች ጥግ ቁጭ ብዬ ነው እርር ድብን ስል የከረምኩት።

ቀናተኛ ነኝ። ሰው ሲያረጅ ይለቀዋል ይላሉ፤ እኔን አልለቀቀኝም። መጋዘኑን ያሠራው የቅቤና የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ እኔ በወጣትነቴ በእሱ እንኳ እቀና ነበር። ቅኔ ቤት ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ስንወርድ፣ ሰውየው ካባውን ደርቦ መደቡ ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጥ ነበር። የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛሁት ከመደቡ ሥር ከሚነግዱት ሰዎች ነው፤ ጥቁር ኮንጎ፣ ሁለት ብር ከምናምን። ያኔ ሁለት ብር ሁለት ብር ነበር! ስድስት ሰው ጠጅ ጠጥቶ፣ ለአዝማሪ ሸልሞ፣ ሞቅ ብሎት የሚገባበት። ኮንጎው በጋ እግር ያቃጥላል፣ ክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ቢሆንም ከጓደኞቼ መካከል ጫማ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ስተኛ ራስጌዬ አስቀምጠው ነበር። አሁን የልጅ ልጄ ባል ጫማ ስንት እንደሆነ ነገሩኝና በጠጅ ልተምነው ሞክሬ ተውኩት።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ነጋዴው ሄደ፣ በሩ ታሸገ፣ እሽጉ ተነሣና መጋዘኑ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም መፈክር ተጻፈበት፤ ዛሬ ያንን ጨርቅ ገልጣችሁ ብታዩ ርዝራዡ ይኖራል። ቀጥሎ የኪነት ቡድን ገባበት። ሴቱም ወንዱም ካኪ ለብሶ እስክስታ ሲመታ፣ የከበሮው ድምፅ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ሲጋጭ፣ ከተማው በሙሉ መስኮቱ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ከዚያ ደግሞ የእህል መግዣ ሆነ። ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ ያመጣል፣ እኛ እንመዝናለን፣ መኪና መጥቶ ይወስዳል። እኔ ቅኔውን ሳልጨርስ ትዳር ይዤ ነበር፤ መጻፍና መቁጠር በማወቄ ሚዛኑን አስያዙኝ፣ ኋላም የመጋዘኑ ኃላፊ አደረጉኝ። ተሸካሚዎቹ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ «መሪጌታ» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ሹፈቱን ትቼ ስሙን እወስድ ነበር።

ሚስቴ የሻረግ ትባላለች። ከአምበር ነው ያመጣኋት። ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ ያኔ ማን ሴት ልጅ ያስተምራል? ከዘመድ የሚመጣላትን ወረቀት ሁሉ የማነብላት እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ «እስቲ ምን ይላል?» ስትለኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እንደ ወንጌል አነብላት ነበር። እሷም አፍ አፌን እያየች ታዳምጣለች። ባል ሚስቱ እንዲህ እያየችው ሌላ ምን ይፈልጋል?

እንግዲህ መሠረተ ትምህርት መጣ። ክረምቱ ወጥቶ አዲሱ እህል እስኪገባ የመጋዘኑ የፊት ግማሽ ባዶ ስለሚሆን፣ ቀበሌው ለትምህርቱ ወሰደው። ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ሴቶቹ በታጠፈ ጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበተናሉ። እኔ ከኋላቸው ሚዛኔ አጠገብ ነኝ። አስተማሪው ከሞጣ የመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ሰማያዊ ቴትሮን ቤልቦተም ሱሪ፣ አፍሮ፣ ኋላ ኪሱ ውስጥ የተሰካ ሚዶ። ስሙ ይበልጣል። ወይ ጉድ! ከስንቱ ስም መካከል ይበልጣል! ከማን ነው የሚበልጠው?

የሻረግ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች፣ የበዓል ነጠላዋን ትለብሳለች። «የምትሄጂው ሰርግ ነው?» እላታለሁ። «አስተማሪ ፊት ነው የምቀመጠው» ትለኛለች። ትምህርቱ ሲጀመር ደግሞ ያ ጎረምሳ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ አንስቶ «ጓድ የሻረግ፣ እስቲ ወደ ሰሌዳው» ይላል። ጓድ? የማን ጓድ? እኔ እንኳ በስሟ ስጠራት ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። እሷም ትነሣለች፣ ትጽፋለች፣ ሲጣመምባት እጇን በእጁ ይዞ ያስተካክላታል። አንድ ቀን እንዲህ ሲያደርግ ያየሁ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ የከረመ ጤፍ ሦስት ጊዜ መዘንኩ፣ ሦስት ጊዜም ተሳሳትኩ። «ልጄ፣ አሞሃል?» አሉኝ ሰውየው።

በዚያ ቀን ቤት ገብተን ራት ላይ ጠየቅኳት።

«እኔ ላስተምርሽ አልችልም ነበር ወይ?»

«ስድስት ዓመት አብረን ኖርን» አለችኝ፤ እንጀራዋን ቆርሳ እንደያዘች። «መቼ አልከኝ?»

ግን አንድ ነገር ያጽናናኝ ነበር፤ ትምህርቱን ንቄው ነበር። እኛ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ዳዊት እያልን ስንት ዓመት ነው ጀርባችን የተላጠው! አንድ ሰው መጥቶ «በአራት ወር ማንበብ ታስተምራለህ» ቢለኝ አፍንጫህን ላስ እለው ነበር። ለማረጋገጥም አንድ እሑድ ዳዊቴን ገልጬ ፊቷ አደረግኩና «በይ አንብቢ» አልኳት። አየችው፣ ጣቷን አስኬደች፣ አንድ ሁለት ፊደል ለየችና ቆመች። ግእዙን እንዴት ታንብበው? ለማንበቡስ ቢሆን እኔ ፊት፣ እኔ እንደዚያ አፍጥጬባት? ይህን ሁሉ ያኔ አላሰብኩም። በልቤ «አየሽ፣ ቀልድ ነው» አልኩና ዳዊቱን ዘጋሁ። ስሕተቴ እዚያ ላይ ነበር። የቅኔ ቤት ሰው በመሆኔ ብቻ የተሳሳትኩት ስሕተት ነው፤ አንድ ተራ ገበሬ ቢሆን አይሳሳተውም ነበር።

ብትንቀው ምን ያደርጋል፤ ቅናቱ አልቆመም። ፊደሉን እየዘመረች ቤት መግባት ጀመረች። ሰሌዳ ላይ የተማሩትን ቃል ምድጃው አጠገብ በከሰል ትጭራለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ታብሰዋለች። አንድ ቀን «መምህር ይበልጣል እኮ ያመሰግነኛል» አለችኝ። ይህችው ናት! በማግስቱ፣ ገና ኅዳር ሳያልቅ፣ ተሸካሚዎቹን ጠርቼ ከኋላው ክፍል ያለውን ጆንያ ሁሉ ወደ ፊት እንዲያወጡ አዘዝኩ። «መሪጌታ፣ ምነው እህሉ ተመችቶት አይደለም?» አሉኝ። «አዲስ እህል ሊገባ ነው፣ አውጡ!» አልኳቸው። ጥቁር ሰሌዳውን እስኪሸፍን፣ እስከ ጣሪያው ማገር ድረስ ከመሩት። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ሲጠይቀኝም ያንኑ ውሸት ደገምኩለት። አዲሱ እህል የገባው ከጥር በኋላ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሴቶቹ ደብተራቸውን በጉያቸው ይዘው መጡና ከክምሩ ፊት ቆሙ። እትዬ ባንቺ የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ስሟን መጻፍ ከቻለች ሦስት ቀኗ ነበር። አየችኝና «እህሉ ይንቀዝብህ!» ብላኝ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይበልጣል ግን፣ ያ ስሙ የሚያናድደኝ ልጅ፣ እጄን ጨብጦ «ጋሼ ፈንታሁን፣ እህልማ ይቅደም እንጂ፤ እግዜር ይስጥልኝ እስካሁን ስለታገሡን» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቦታ ስላልተገኘ በሳምንቱ ወደ ሞጣ መለሱት። መኪናው ላይ ሲወጣ ቆሜ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ስጽፍ አሁን እጄ ይከብደኛል።

ጥር ላይ፣ ከሞጣ በጉንደ ወይን በኩል የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤታችን ድረስ ደብዳቤ አደረሰ። እኔ መጋዘኑ ነበርኩ። ምሳዬን ልበላ ስገባ የሻረግ እንደ ወትሮዋ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ። «ከሞጣ ነው አሉ። እስቲ ምን ይላል?» ፖስታው አልታሸገም፤ ክዳኑ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። አንዲት ጊዜ እንኳ ሳላስብበት ከፈትኩት። በጥሩ እጅ የተጻፈ ሙሉ ገጽ ነው። በሞጣ የአሥር ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ከጎበዝ ተማሪዎች ረዳት አስተማሪዎች ይመረጣሉ፣ ስምዎን አስመዝግቤያለሁ፣ እስከሚመጣው ሐሙስ ይድረሱ፣ ማደሪያው ከእናቴ ቤት ነው፣ ሲመለሱ የብቸናን ሴቶች እርስዎ ያስተምራሉ ይላል። ሞጣ! ከእናቱ ቤት!

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሞጣ ብርድ ነው፣ ጋሼንም ሰላም በሉልኝ» ብዬ አጠፍኩት።

«ወረቀቱ እኮ ሙሉ ነው» አለችኝ።

«ሰላምታ ነዋ! ሞጣዎች ሰላምታ ያበዛሉ።»

አየችኝ። አፍ አፌን አልነበረም ያየችኝ፤ ዓይኔን ነው። ከዚያ «እሺ» ብላ ወጥ ጨመረችልኝ። እኔም ደብዳቤውን ምድጃው ውስጥ ከትቼ እጄን ታጠብኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ አለፈ። ዓመቱም አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱ ቀበሌው ቢሮ ውስጥ በአንዲት የገዳም አለቃ የሚያህሉ አሮጊት መነኩሴ ተጀመረ፤ ያን ጊዜ «ሂጂ፣ ተማሪ» አልኳት፣ ደግ መስዬ። ሄደች፣ የምስክር ወረቀቷን አመጣች፣ እኔም ማንበብ የቻለችው ከዚያ ነው ብዬ ኖርኩ። ወደቡም መልኩን መለዋወጡን ቀጠለ። አንድ ሰሞን የቀበሌው ሱቅ ሆነና ስኳርና ሳሙና ለማግኘት ካርዳችንን ይዘን ተሰለፍንበት። አንድ ሰሞን ለዘመቻ የሚሄዱ ልጆች አደሩበት፤ እናቶቻቸው መደቡ ላይ ስንቅ ይዘው የሚጠብቁትን ዛሬም ሳስበው አልወድም። ያ መንግሥት ደግሞ በተራው ሄደ። መጋዘኑ ባዶውን ቆየ፣ ቪዲዮ ቤት ሆነ፣ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ፣ በመጨረሻም አንድ ባለሀብት አድሶ አዳራሽ አደረገው። እኔን አሳርፎኝ አያውቅም፤ እነሆ ስንቱን ልጅ ያስጨፍራል። ወጣቶቹ ሴትና ወንድ ተቃቅፈው ሲጨፍሩበት ሳይ፣ ይግረማችሁ፣ በእነሱም እቀናለሁ። የእኔና የእሷ ጊዜ እዚያው ውስጥ በጆንያ ተጭኖ ነው የቀረው።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። ሙሽራው የሞጣ ልጅ ነው። ከወገኖቹ ጋር አንድ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከዘራ የያዘ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ መጣ፤ የሙሽራው አጎት ነው አሉን። እኔ አላወቅኩትም። የሻረግ ግን ጉልበቷን እያመማት፣ ሰው ደግፎ የሚያስነሣት ሴትዮ፣ ብቻዋን ብድግ አለች! «መምህር ይበልጣል!» አለች። ሰውየው ከዘራውን ጥሎ አቀፋት። እኔ ለሞት ተቃርቤ ከሆስፒታል ስመጣ እንኳ እንደዚያ አልተነሣችልኝም። አርባ ዓመት ሙሉ የት ሄዶ ነበር ቅናቴ? የትም አልሄደም፤ እዚያው ሆዴ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ አወቁኝ?» አለኝና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

«አወቅኩዎት» አልኩት። አንቱ አልኩት፤ ራቅ እንዲልልኝ።

የሻረግን ሙሽሮቹን ትመርቅ ብለው ወሰዷት። እሱ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ድምፅ ማጉያው ስለሚጮህ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ያወራል። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ዕድሜ ልኬን አስተማሪ ነበርኩ አለኝ። ከዚያ ሳቅ እያለ፣ «የእሷን ደብዳቤማ እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። ለስንቱ ክፍል አነበብኩት መሰለዎት! የሦስት ወር ተማሪ የጻፈችው ነው እያልኩ። እናንተም እስካሁን ሳትስቁበት አትቀሩም» አለኝ።

«የትኛው ደብዳቤ?»

«ያው በሾፌሩ እጅ ለሥልጠናው መልስ የላከችው ነዋ።» እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ወጣው፦ «“መምህር ሆይ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ ተነቧል። መጀመሪያ እኔ አነበብኩት፤ ቀጥሎ ባለቤቴ አነበበልኝ። እኔ ሳነበው ሥልጠና አለበት። እሱ ሲያነበው ሰላምታ ብቻ ነው። የምኖረው ከእሱ ጋር ስለሆነ ሰላምታውን ተቀብያለሁ። እርስዎም ሰላም ይሁኑ።”»

ብርጭቆዬን ሳስቀምጥ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሰውየው ፊቴን አየና ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ... ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ተነሥቶ ወደ ወገኖቹ ሄደ።

ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት እኔ የሌለሁበት አንድ ነገር በሁለቱ መካከል እንዳይኖር ነበር። ኖሯል። ያኖርኩትም እኔ ነኝ። እሱ ያውቅ ነበር፣ ተማሪዎቹ ያውቁ ነበር፣ የሞጣ ልጆች ሁሉ አንድ ሚስቱን የሚዋሽ ሰው ብቸና ውስጥ እንዳለ እየሰሙ አደጉ። እሷ ደግሞ አንብባ፣ አጥፋ፣ ፖስታው ውስጥ መልሳ፣ ምን እንደማደርግ ልታይ ነው የሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ልጅ አሳደግን፣ ስንት ፋሲካ አብረን ዋልን!

የሻረግ ተመልሳ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የሞጣውን ደብዳቤ» አልኳት።

የቱን ነው አላለችም። «ነገረህ?» አለችኝ።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ።»

«ይኸው አሁን አወቅኩ አይደል?»

«አሁንም አንተ አልነገርከኝም» አለችኝ። «እሱ ነው የነገረህ።»

ቁጣ የለበትም፣ ስድብ የለበትም። ነጠላዋን እያስተካከለች ነው ያለችኝ። ወንበሬን አስጠጋሁ። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ወጣቶቹ ወለሉን ያንቀጠቅጡታል፤ እኔ አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ያንን ያቃጠልኩትን ደብዳቤ ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት። አንድም ቃል አልጠፋብኝም፤ እንዴት ይጠፋኛል? አሥሩን ቀን፣ ሐሙሱን፣ የእናቱን ቤት፣ የብቸናን ሴቶች፣ ሁሉንም። እየጮህኩ ነው የማነበው፤ ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ያዩናል። አነበብኩ፣ አነበብኩና ጨረስኩ።

«አንድ መስመር ዘለልክ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያቺን መስመር ለማንም አንብቤያት አላውቅም፤ ለእናንተም ከላይ ስጽፍላችሁ ዘልያታለሁ። የሻረግ ዓይኗን ሙሽሮቹ ላይ እንደተከለች ራሷ በቃሏ አለችው፦ «“ባለቤትዎ የተማሩ ሰው ናቸውና፣ ከማንም ይልቅ እሳቸው ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።”»

ይላል። እንደዚያ ነው የሚለው።